እስፒል ሰው ፊት አይወጣም

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ድርቡ» ነው የሚለው። ስሙ አይደለም፤ ግን በስሙ ከሚጠራው ሰው በዚህ የሚጠራው ስለሚበዛ «ድርቡ!» ሲሉት ዞር ይላል። ልብስ ሰፊ ነው። አንዴ የሰፋውን መገጣጠሚያ ደግሞ ሳይሰፋ ከስፌት መኪናው ላይ አያነሳም። ሱሪ አምጥታችሁ «እግሩን ብቻ አሳጥርልኝ» ብትሉት የመቀመጫውን ስፌት ሳይቀር ገልብጦ ያያል። የሌላ ሰው ሥራ ከሆነ ፊቱን አጨፍግጎ፣ ማንም ሳይጠይቀው ይደርበዋል። ደንበኛው ቸኩሎ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ቢያፋጭ ግድ የለውም።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። እናትና አባታችን ገና ልጅ ሳለሁ ስላረፉ ያሳደገኝ እሱ ነው። አድጌ አገባሁ፤ ትዳሩ አልሆነኝም፣ ሻንጣዬን ይዤ ተመለስኩ። ጋሼ «ምን ሆነሽ ነው?» እንኳን አላለኝም። ካውያው ያለበትን አሳየኝና ወደ ሥራው ዞረ። ከዚያ ወዲህ እሱ ይሰፋል፤ እኔ እተኩሳለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ «ካውያ» ይለኛል፣ ቶሎ ስለምግል። ውሸት አልለውም።

ሱቃችን ጠባብ ናት። ሁለት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ልብስ የሚለካበት መጋረጃ፤ ከጀርባዋ የምንኖርባት ክፍል። በዚህች ሱቅ ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ጋሼን ሙያ ያስተማረው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ የተወለት ነው፤ «እስፒል ሰው ፊት አይወጣም» ይላል። እስፒል ልብሱ እስኪሰፋ ድረስ ለጊዜው ይይዛል እንጂ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ጋሼ በዱላ ጫፍ ላይ ያሰራት ማግኔት አለችው። ማታ ሱቅ ከመዝጋታችን በፊት ወለሉን በእሷ ይዳብሳል፣ የወደቀውን እስፒል ሁሉ ለቅሞ ወደ ቆርቆሮው ይመልሳል። በሕይወቱ አንዲት እስፒል በደንበኛ ልብስ ውስጥ ተረስታ ከዚህ በር ወጥታ አታውቅም። በዚህ ይኮራል። ሌላ የሚኮራበት ነገር ያለው አይመስለኝም።

መታመሙን ያወቅኩት በሱሪው ነው። የገዛ ሱሪውን ወገብ ሲያጠብብ አየሁት። ቆይቶ ደግሞ እንደገና ሲያጠብብ አየሁት፤ የፊተኛውን ድርብ ስፌት ፈትቶ፣ አጥብቦ፣ ደግሞ ደረበው። «ጋሼ፣ ምነው?» ስለው «ጨርቁ ለቀቀብኝ» አለ። ጨርቁ አልለቀቀም፤ የለቀቀው እሱ ነበር። ሁለት ጉርሻ ሲጎርስ «ጠገብኩ» ይላል። ሆዱ ተነፍቶ ያድርና በማግስቱ ይመልሰዋል፤ የሚመልሰው ደግሞ የትናንቱን ምሳ ነው፣ እንዳለ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ከእኔ ደብቆት ነበር። ስኳር ካለበት ከርሟል፤ በኋላ እንደሰማነው ጨጓራውን ያደከመው እሱ ነው። የጨጓራው መውጫ በር አልከፈት ብሎ ምግቡ እዚያው ተዘግቶበት ይውላል።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። መድኃኒቱ ሁሉ ተሞክሮ እንዳልሠራ ካየች በኋላ አስቀመጠችንና ነገረችን።

«አባባ፣ ከውጭ የሚቀደድ ነገር የለም። በአፍዎ ቱቦ እናስገባለን፤ ጫፉ ላይ ካሜራ አለው። ጨጓራው ውስጥ ስንደርስ የውስጡን ሽፋን ትንሽ እንቀድዳለን። ከዚያ በሽፋኑና በጡንቻው መሃል ሾልከን እስከ መውጫው በር እንሄዳለን። በሩን አንቆ የያዘውን ጡንቻ እንቆርጥለታለን። በገባንበት ተመልሰን እንወጣና የቀደድናትን እንዘጋለን።»

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። «በገበሩና በጨርቁ መሃል ማለት ነው» አለ።

«ልክ እንደሱ።»

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርን። የበላን ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ነው።

«በምንድን ነው የምትዘጉት?»

ሐኪሟ ደስ አላት፤ የምትወደውን ነገር የጠየቃት መሰለኝ። ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረችው። አንደኛው ክሊፕ ነው፤ የተቀደደውን ከንፈር ከከንፈር ገጥሞ ቆንጥጦ የሚይዝ ትንሽ ብረት፣ ተደርድሮ ይገባል። ሁለተኛው ስፌት ነው፤ በቱቦው ጫፍ ላይ መርፌና ክር አለ፣ እዚያው ውስጥ ይሰፋል። «ሁለቱም እንደሚይዙ እናውቃለን። የማናውቀው የትኛው እንደሚሻል ነው፤ ስለዚህ እያነጻጸርን ነው። ፈቃደኛ ከሆኑ ማንኛው እንደሚደርስዎት ኮምፒውተሩ ዕጣ ያወጣል» አለች።

«ብረቱ በኋላ ማን ያወጣዋል?»

«ማንም። ራሱ ይረግፋል።»

«ይረግፋል?»

«ይረግፋል። ከምግቡ ጋር ይወጣል፣ አይታወቅዎትም።»

የወንድሜን ፊት አየሁት። አመድ መሰለ። እስፒል መሆኑ ነው እኮ! በሕይወቱ ሙሉ በማግኔት ሲለቅመው የኖረው ነገር ሆዱ ውስጥ ገብቶ፣ ማንም በማያይበት ቦታ፣ በፈለገው ጊዜ ሊረግፍ ነው።

«እኔ ስፌት ይሁንልኝ» አለ።

መምረጥ አይቻልም። «ንጽጽሩ ውስጥ አልገባም ማለት መብትዎ ነው። ግን ያኔ የምዘጋልዎት በክሊፕ ነው፤ ዘወትር የምንሠራበት እሱ ነው። ስፌቱ ያለው ዕጣው ውስጥ ብቻ ነው» አለችው። ደግሞ የባሰ ነገር ጨመረች። የደረሰው የትኛው እንደሆነ መጨረሻ ላይ በካሜራ እስኪታይ ድረስ አይነገረውም። ሰው ምን እንደተደረገለት ካወቀ የሚሰማውን ሕመም እንኳን በዚያው ይተረጉመዋል፣ ንጽጽሩ ይበላሻል አለች። ያኔ ተናደድኩባት። ዛሬ ሳስበው እውነቷን ነው።

ወሬው ከእኛ በፊት ሰፈር ደረሰ። ከጎናችን ጫማ ሰፊው አለ፤ ለሁሉም ነገር ሐሳብ አለው፣ ሐሳቡም ሁሌ በጫማ ይጀምራል። ቡትቶ ጫማ በጉልበቱ መሃል አጣብቆ ዳኝነት ተቀመጠ።

«ስፌት ምን ያደርጋል? ክር ይበሰብሳል። ሚስማር ነው እንጂ!»

«ሆድ ውስጥ ሚስማር?» አልኩት።

«ካልሆነ ማስቲሽ። ማስቲሽ ያለ ነገር ይለቃል? ሂጂና ሐኪሟን ማስቲሽ አላሰባችሁም ወይ በያት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሼ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ያን ቀን መርፌው ውስጥ ክር ለማስገባት ይታገል ነበር፤ እጁ እንቢ አለው። ክሩን ተቀብዬ አስገባሁለት። እሱ ለእኔ እንጂ እኔ ለእሱ ክር አስገብቼ አላውቅም ነበር። ዞር ብዬ ካውያውን የማስተካክል መሰልኩና አለቀስኩ።

እምቢ ሊል ነበር። «እንዲሁ በሾርባ እየኖርኩ...» ብሎ ጀመረ። ቆጣ ብዬ ከመስታወቱ ፊት አቆምኩት። «እየው! ይሄ ሰውዬ እስከ መቼ ነው በሾርባ የሚኖረው? የሱሪህ ወገብ የሚጠብበት ጨርቅ አልቆበታል!» አልኩት። ብዙ ቆሞ ራሱን አየ። ደንበኛ እንደሚለካ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡን በዓይኑ ለካው። «ስፌት ሊደርሰኝ ይችላል አይደል?» አለኝ። «ይችላል» አልኩት። ዕጣ ውስጥ የገባነው በዚህች ተስፋ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ታክሲ ውስጥ ስንገባ ጫማ ሰፊው በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ!» አለ።

«ጨርቅማ ይቀደዳል» አለ ጋሼ።

በተሽከርካሪው አልጋ ገፍተው ሲያስገቡት እጄን ያዘኝ። «ካውያ፣ ከውስጥ ነው እኮ» አለኝ። «ከውስጥ የተሰፋ ነገር ተገልብጦ ካልታየ እንዴት ይታመናል?» በሩ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር። እጄ ሥራ ካልያዘ እንደማብድ ስለማውቅ የሰው ሸሚዝ ይዤ ነበር፣ የእጅጌውን ቁልፍ ልተክል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፍስና ሥጋዬ ይላቀቃል። አረንጓዴ የለበሰ ሰው ሲወጣ ፊቱን አነባለሁ፤ ደስ ያለው ነው? ያዘነ ነው? አንዱ እያዛጋ ወጣና ማዛጋቱን እንደ ደህና ምልክት ቆጠርኩት፤ ሰው ሞቶበት የሚያዛጋ የለም ብዬ። በመጨረሻ ሐኪሟ ወጥታ «በሰላም ጨርሰናል» ስትለኝ ልነሳ ብል ሸሚዙ አብሮኝ ተነሳ። ሁለቱን እጅጌዎች አንድ ላይ፣ ከቀሚሴ ጋር ጨምሬ ሰፍቻቸው ነበር። ሐኪሟ አየችኝ። ከኪሷ መቀስ አውጥታ ሰጠችኝ።

«ምን ደረሰው?» አልኳት።

«ለእሱ የማይነገረውን ለእርስዎ ብነግርዎት ዛሬ ማታ ያውቀዋል» አለችኝ። የእኔን ፊት አንብባለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ፍርሃት ቀድሞን ገብቶ ተቀምጧል። መጀመሪያ ፈሳሽ ብቻ፣ ከዚያ ለስላሳ ነገር በትንሽ በትንሹ፣ ከባድ ነገር ማንሳት የለም ተብለናል። ጋሼ ከታዘዘው በላይ ፈራ። ሲሄድ አንድ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ እስከ አፉ የተሞላ ባልዲ እንደያዘ ሰው ነው። ማስነጠስ ሲመጣበት አፍንጫውን አንቆ ዓይኑ እስኪቀላ ይታገለዋል። ጫማ ሰፊው ቀልድ ሊጀምር ሲል «ተው ወንድሜ፣ አታስቀኝ!» ይለዋል፤ ሳቅ ስፌት ይፈታል ብሎ ነው። ስፌት ከሆነ። እስፒል ከሆነ ደግሞ ሳቅ ቀርቶ ትንፋሽም ያረግፈዋል።

እኔስ? እሱ ማንኪያ ባነሳ ቁጥር እኔ ካውያዬን አስቀምጣለሁ። ሲውጥ አብሬው እውጣለሁ። በር ሲመታ፣ መኪና ጡሩንባ ሲነፋ፣ ሰው ሲጮህ፣ ሁሉም ነገር የእሱን ሆድ የሚነካው ይመስለኛል። አንዲት ደንበኛ ሸሚዟ ለምን እንደዘገየ ስትጠይቀኝ ጮኼባታለሁ፤ ሸሚዟን ይዛ ሄደች፣ አልተመለሰችም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ይሄን ተረት ያወጣውን ሰው ባገኘው በካውያ ነበር የምለው።

ነገሩን ያባሰችው አንዲት ቃል ናት። ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ «ማግኔት ያለው ትልቅ የምርመራ ማሽን አለ፤ እዚያ ውስጥ ላስገባዎት የሚል ሐኪም ካለ መጀመሪያ ለእኛ ይንገሩን። ይሄን ለሁሉም ነው የምንለው» ብላ ነበር። ጋሼ ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማት አንዲቷን ነው። ሰንበትበት ብሎ፣ እኔ ስተኩስ ከኋላዬ መጥቶ፣

«ክር በማግኔት ይሳባል?» አለኝ።

«አይሳብም።»

«እንግዲያው ለምን ማግኔት አሉኝ?»

«ለሁሉም ነው የምንለው አለች እኮ!»

«ሰው ለማስደንገጥ የማይፈልግ እንዲህ ነው የሚለው» አለና ሄደ።

የዱላዋን ማግኔት አንስቼ መሳቢያ ውስጥ፣ ለኮት ትከሻ ከምናስገባው ስፖንጅ ስር ደበቅኳት። ወለሉ ላይ እስፒል ይበዛ ጀመር፤ በእጄ እለቅማለሁ፣ የቀረውን ጫማዬ ይለቅመዋል። ጋሼ ማግኔቷ የት ሄደች ብሎ አልጠየቀም። ይሄ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ክር ልገዛ ወጣ ብዬ ስመለስ የሱቁ በር ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጌ ገባሁ። ጋሼ መስታወቱ ፊት ቆሟል፣ ማግኔቷን በሁለት እጁ ይዞ ሆዱ ላይ ቀስ እያደረገ ያስኬዳታል፤ ልክ ማታ ማታ ወለሉን እንደሚዳብስባት።

«ጋሼ!»

«ቁርጤን ልወቅ!» አለ ሳይዞር። «ሰው በገዛ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሳያውቅ...»

እዚህ ላይ ቆመ። ማግኔቷ ከእምብርቱ ዝቅ ብላ ስትደርስ ጠቅ አለች። አየኋት፤ ዓይኔ አላበለም። ተሳበች፣ ሆዱ ላይ ተለጠፈች። ጋሼ «እ!» ብሎ በርከክ አለ።

«ወጋኝ» አለ። «ነቀልኩት። ካውያ፣ ወጋኝ፣ ነቀልኩት!»

ጩኸቴን የሰማው ሰፈር ዛሬም ያወራዋል። ጫማ ሰፊው አንድ እግሩን ጫማ፣ አንዱን ነጠላ ጫማ አድርጎ ሮጦ መጣ። ጨርቄን ማቄን ሳንል ታክሲ ውስጥ ገባን። ጋሼ መሃላችን ተቀምጦ ላብ አጥምቆታል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ሆዱን አላስነካም አለ። «አደራ» አለኝ መንገድ ላይ፤ «መኪናዋን ዘይት አትንሻት።» ሰው ሊሞት ሲል የሚለው ይሄ ነው? እጁን ይዤ፣ አንተ ከሄድክ እኔ ማን አለኝ፣ አልኩት። በልቤ አይደለም፤ ጮክ ብዬ፣ ታክሲ ነጂው እየሰማ። ጫማ ሰፊው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አጋደሙት። ሐኪሟ እየተጣደፈች መጣች፤ ያቺ የማትቸኩል ሴት ስትቸኩል ማየቴ ሐሞቴን አፈሰሰው። ምን እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። «ማግኔት?» አለች፣ ሁለት ጊዜ። ነርሷ የጋሼን ሸሚዝ ገልጣ ሆዱን ልትጫን የሱሪውን ወገብ ወደ ታች ሳብ አደረገችና፣

«ውይ!»

እጇን ስባ አየችው። ጣቷ ጫፍ ላይ የደም ነጠብጣብ። ሁላችንም የደም ነጠብጣቡን አየን። ሐኪሟ ጎንበስ አለች፤ የሱሪውን ወገብ ወደ ውጭ ገለበጠችና ከእጥፋቱ ውስጥ ቀስ ብላ አንዲት እስፒል መዘዘች። ራሷ ነጭ ናት። የእኛ እስፒል።

የሰካት ጠዋት ነው። ጠዋት ሱሪው አልቆም ብሎት ከመጋረጃው ኋላ ሲገባ አይቼው ነበር። መኪናው ላይ ጎንበስ ማለት ስለፈራ ወገቡን ለጊዜው በእስፒል ይዞት ወጥቷል፤ ኋላ እሰፋዋለሁ ብሎ ረስቶታል። በዚያ ሱቅ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሰው ፊት የወጣች እስፒል የባለሱቁ ሆነች፤ ማግኔቷ የሳበችውም፣ ሆዱን የወጋችውም እሷ ናት።

ጫማ ሰፊው ሊስቅ አፉን ከፈተና የእኔን ዓይን ሲያይ ዘጋው። ጋሼ አልሳቀም። እስፒሏን በሁለት ጣቱ ተቀብሎ አያት፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚስቅ መስሎን ነበር። እያለቀሰ ነው። ይሄ ሁሉ ሳምንት የታፈነ ማስነጠስና የታፈነ ሳቅ በእንባ ወጣ። ሐኪሟ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ለማንኛውም ራጅ አነሳዎታለሁ» አለች። ራጅ ተነሳ። ፎቶውን እሷ ብቻዋን አየችው፤ ፊቷን ላነበው ብሞክር ምንም አልተጻፈበትም። «ደህና ነው» አለች፤ የትኛው እንደሆነ አልተናገረችም።

«ልጄ» አላት ጋሼ፣ «እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው። የያዘው ነገር ከሄደ ይለያያል።»

«ስንት ዓመት ተሰፍቶ የቆየ ጨርቅ ቢሆንስ? ክሩ ቢወጣ?»

«መቶ ዓመት ቢቆይም ይለያያል። ጨርቅ ከጨርቅ ጋር አይዋደድም።»

«ሥጋ ይዋደዳል፣ አባባ። ጨርቅ አይጠግግም፤ ሥጋ ይጠግጋል። ክሩም ብረቱም የሚይዙት እስኪጠግግ ድረስ ነው። ከጠገገ በኋላ ሥራ የላቸውም።»

ጋሼ እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ሳይጠግግ ቢረግፍስ?» አለ።

ሐኪሟ እዋሻለሁ ብትል የምትችልበት ቦታ ነበር፤ እኔም እንድትዋሽ ለምኛት ነበር፣ በዓይኔ። «ያኔ እንደ ዛሬው ሮጣችሁ ትመጣላችሁ» አለች። «በስህተት መጣሁ ብለው አይፈሩ። ካመመዎት ነገም ይምጡ።»

ይሄ የሚያጽናና መልስ አልነበረም። ግን ጋሼ በዚያ መልስ ነው እንቅልፍ የወሰደው። ለእኔ ግን አልሠራም፤ «ያኔ» የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀርታ ስትወጋኝ ሰነበተች።

ጊዜው ደርሶ እንደገና በካሜራ ታየ። ማደንዘዣው ሲለቀው ሐኪሟ ሁለታችንንም ጠርታ ስክሪኑ ላይ ፎቶ አሳየችን። እርጥብ፣ ሮዝ ነገር። ጋሼ ዓይኑን አጥብቦ ቀረበ፤ የሌላ ልብስ ሰፊ ሥራ ገልብጦ እንደሚያይ ሰው ነው።

«የታለ?»

«ይቺ ናት» አለች፤ ነጣ ያለች ቀጭን መስመር በጣቷ ተከተለች። «ጠግጓል።»

«ክሩስ?»

«ክር አልነበረም፣ አባባ። ክሊፕ ነው የደረሰዎት። ረግፏል።»

ክንዴን ያዘኝ። ጥፍሩ ተሰማኝ።

«መቼ?»

«አናውቅም። አንድ ቀን ሥራውን ጨርሶ ሄዷል።»

«ታዲያ የትኛው ተሻለ?» አልኳት እኔ።

«ገና ነው። እሳቸው አንድ ሰው ናቸው፤ ብዙ ሰው ማየት አለብን» አለች።

ጋሼ ከደረጃው ሲወርድ እጁን ከሆዱ ላይ አነሳ። ሁለት እጁን አወዛውዞ ሲሄድ ካየሁት ቆይቻለሁ። እሱ ቀለለው፤ እኔን ግን ያን ጊዜ ነው አዲስ ፍርሃት የያዘኝ። አንድ ቀን ማለት የትኛው ቀን ነው? ቁልፍ ስተክል ነው? ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ነው? ይሄን ሁሉ ቀን ዓይኔን ሳልነቅል ስጠብቀው፣ የፈራሁት ነገር አጠገቤ ሆኖ አልፏል፤ እኔ ግን አላየሁትም። ደግ ነገር እንዲህ ሳይታይ ካለፈ ክፉውስ?

አሁን ጋሼ ይበላል። ሥጋ ለበሰ፣ የሱሪውን ወገብ ለቀቀው፣ የለቀቀውንም ደረበው። አዎ፣ ዛሬም ይደርባል። ጫማ ሰፊው «ሐኪሟ ሆድህን ሳትደርብ አንዴ ብቻ ይዛው ተረፍክ አይደል? ምን ትደርባለህ?» ሲለው «ጨርቅ አይጠግግማ!» ይለዋል፣ ይስቃል፣ እንደ ልቡ ያስነጥሳል። ማግኔቷ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ነጭ ራስ ያላት እስፒል ግን ቆርቆሮው ውስጥ አልገባችም፤ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ሰክቷታል። ደንበኛ ሲጠይቀው «የእኔ ናት» ብቻ ይላል።

ትናንት ምሳ እየበላን ትልቅ ጉርሻ ጎረሰና ትን አለው። አንዴ ብቻ ነው ያሳለው። እኔ ግን ሳህኔን ጥዬ ቆሜያለሁ፣ እጄ ሆዱ ላይ ነው። ውሃ ጠጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ሊስቅብኝ ነበር የፈለገው፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። እጄን ከሆዱ ላይ አንስቶ በሁለት እጁ ያዘው።

«ካውያ» አለኝ፣ «ያንቺ ገና አልጠገገም?»

«ገና ነው ጋሼ» አልኩት።